የናፍጣ መኪና ሜካኒካል ፋንን በኤሌክትሪክ ፋን መተካት

የሜካኒካል ፋንን በኤሌክትሪክ ፋን መተካት በናፍጣ በሚሠራ ፒክአፕ ወይም ጭነት መኪና ላይ በሞተሩ ጉልበት በቀጥታ የሚሽከረከረውን የራዲያተር ማራገቢያ አውጥቶ፣ ከባትሪና ከዲናሞ (አልተርኔተር) በሚመጣ ኃይል በሚሠራ ማራገቢያ የመቀየር ሥራ ነው። ለውጡ የሚደረገው ነዳጅ ለመቆጠብ፣ የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር፣ ድምፅ ለመቀነስ ወይም በሞተሩ ፊት ያለውን ቦታ ለማስፋት ነው።

በትናንሽ የቤንዚን መኪኖች ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ከፋብሪካ ጀምሮ የተለመደ ነው። ከባድ ተጎታች በሚስቡ የናፍጣ መኪኖች ላይ ግን አምራቾች በአብዛኛው ሜካኒካሉን ፋን ይመርጣሉ። ይህም የሆነው ሞተሩ ከፍተኛውን ሙቀት በሚያመነጭበት ሰዓት የሚፈልገው አየር እጅግ ብዙ ስለሆነና በ12 ቮልት መሥመር ለዚህ የሚበቃ ኃይል ማቅረብ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለውጡ ለአንድ መኪና የሚጠቅም ለሌላው ደግሞ የሚጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚወስነው መኪናው የሚሠራው ሥራ ነው።

ፋን የሚያስፈልግበት ምክንያት

ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ውስጥ ከመቶ 40 ገደማውን ወደ ሥራ ይለውጣል። የተቀረው በሙቀት መልክ በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ክፍል በኩል ይወጣል። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ከሞተሩ የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ራዲያተር ያደርሳል፤ ራዲያተሩ ደግሞ በመካከሉ ለሚያልፈው አየር ያስረክባል። አየሩ ካላለፈ ሙቀቱ የሚሄድበት የለም።

መኪናው በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፋኑ የግድ የሚሆነው ነፋሱ ሲያንስና የሞተሩ ሙቀት ሲበዛ ነው። የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ከባድ ተጎታች የያዘ መኪና በሞቃት ቀን ረጅም ዳገት በዝግታ ሲወጣ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። የማንኛውም ፋን ብቃት የሚለካው በዚህ ሁኔታ እንጂ መኪናው ባዶውን ሜዳ ላይ ሲሄድ በሚያሳየው ውጤት አይደለም።

በናፍጣ መኪና ላይ ሌላም ሸክም አለ። ከራዲያተሩ ፊት የአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰር፣ ከተርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና ብዙ ጊዜም የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተደርድረው ይገኛሉ። ፋኑ አየሩን በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ስቦ ማሳለፍ አለበት።

የሜካኒካል ፋን አሠራር

ሜካኒካል ፋን ኃይሉን የሚያገኘው ከሞተሩ በቺንጊያ (ቀበቶ) ወይም በቀጥታ ከክራንክ ዘንጉ ነው። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት።

የመጀመሪያው ያለ ክላች በቋሚነት የታሰረ ፋን ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይዞራል፤ ቢፈለግም ባይፈለግም ጉልበት ይወስዳል።

ሁለተኛው የሲሊኮን ዘይት ያለበት ክላች የተገጠመለት ነው። በክላቹ ፊት ያለ፣ በሙቀት የሚጠማዘዝ የብረት ጥቅልል ከራዲያተሩ የሚወጣው አየር ሲሞቅ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። ዘይቱም ሁለቱን የክላች ክፍሎች በማጣበቅ ፋኑን ያፈጥናል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይመለሳል፤ ፋኑም ላላ ብሎ በዝግታ ብቻ ይዞራል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ የዘይቱን መንገድ የሚከፍተው የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው።

ሦስተኛው በከባድ ጭነት መኪናዎች ላይ የሚገኘው በታመቀ አየር የሚሠራ ክላች ነው። ይህ ፋኑን ሙሉ በሙሉ ያስራል ወይም ሙሉ በሙሉ ይፈታል።

የማንኛውም ፋን የኃይል ፍላጎት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ይለወጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ወደ ሩብ ሲቀንስ ወደ አንድ ስድሳ አራተኛ ይወርዳል። ይህ ሕግ የለውጡን ጥቅም ለመገመት ቁልፍ ነው። ለምሳሌ ሙሉ በሙሉ ሲታሰር 10 ኪሎ ዋት የሚወስድ ፋን ክላቹ ላልቶ በሩብ ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው 156 ዋት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ ክላች በቋሚነት የታሰረ ፋንን ማውጣት የሚታይ ቁጠባ ያመጣል። ክላቹ በደንብ የሚሠራ ፋንን በማውጣት በአስፋልት ጉዞ ላይ የሚገኘው ቁጠባ ግን አነስተኛ ነው። ክላቹ ተበላሽቶ ሁልጊዜ የታሰረ መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋን የገጠመ ሰው ትልቅ ለውጥ ሊያይ ይችላል፤ ሆኖም ክላቹን በአዲስ መቀየርም አብዛኛውን ጥቅም ይሰጠው ነበር።

የኤሌክትሪክ ፋን አሠራር

የኤሌክትሪክ ፋን የራሱ ሞተር አለው። ከሞተሩ ዙር ጋር ስለማይያያዝ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜም በሙሉ ፍጥነት ሊሠራ ይችላል። በከተማ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሜካኒካል ፋን በዚያን ሰዓት ከሞተሩ ጋር አብሮ ይደክማልና።

ሁለተኛው ጥቅሙ የክፍተቱ ማነስ ነው። ሜካኒካል ፋን በሞተሩ ላይ የታሰረ ሲሆን በዙሪያው ያለው መከለያ ግን በራዲያተሩ ላይ ነው። ሞተሩ በጎማ ማረፊያው ላይ ስለሚንቀጠቀጥ በክንፎቹና በመከለያው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት መተው ያስፈልጋል፤ በክፍተቱም አየር ወደኋላ ያመልጣል። የኤሌክትሪክ ፋን ከመከለያው ጋር አንድ ላይ ስለሚታሰር ክፍተቱ ጠባብ ነው።

ድክመቱ የኃይሉ መንገድ ረጅም መሆኑ ነው። የሞተሩ ጉልበት በመጀመሪያ በቺንጊያ ወደ ዲናሞ ይሄዳል፤ ዲናሞው ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ የፋኑ ሞተር ደግሞ መልሶ ወደ ማሽከርከር ይለውጠዋል። ዲናሞው ከመቶ 60፣ የፋኑ ሞተር ከመቶ 75 ውጤታማ ቢሆኑ ከሞተሩ ከተወሰደው ጉልበት ወደ ክንፎቹ የሚደርሰው ከመቶ 45 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር 1 ኪሎ ዋት በክንፎቹ ላይ ለማግኘት ሞተሩ ከ2 ኪሎ ዋት በላይ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ የታሰረ ሜካኒካል ፋን ግን ከዚህ ውስጥ የሚያባክነው ጥቂቱን ነው። «የኤሌክትሪክ ፋን ከሞተሩ ጉልበት አይወስድም» የሚለው አባባል ስለዚህ ትክክል አይደለም። የሚቆጥበው በማያስፈልግበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ስለሚጠፋ ነው።

የኃይልና የአየር መጠን ስሌት

በትልልቅ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ሙሉ በሙሉ የታሰረ ሜካኒካል ፋን ከ10 ኪሎ ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በከባድ ጭነት መኪናዎች ላይ 30 ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በ13.5 ቮልት መሥመር 10 ኪሎ ዋት ለማቅረብ 740 አምፔር ገደማ ያስፈልጋል። ይህ የተለመደ የፒክአፕ ዲናሞ ከሚሰጠው ብዙ እጥፍ ነው። በገበያ ላይ ያሉ ጥንድ የኤሌክትሪክ ፋኖች የሚወስዱት ግን በጠቅላላው 60 አምፔር አካባቢ ነው፤ ይህም 800 ዋት ያህል ነው።

የሚያስፈልገውን የአየር መጠን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። አንድ ሞተር በዳገት ላይ 120 ኪሎ ዋት ሙቀት በራዲያተሩ በኩል ያወጣል እንበል። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም አየር 40 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ በሴኮንድ 3 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል፤ ይህም በባሕር ጠለል ከፍታ 2.5 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የዚህ የተወሰነው ክፍል ከመኪናው ፍጥነት ይገኛል፤ የተቀረውን ፋኑ መሳብ አለበት።

የኤሌክትሪክ ፋን አምራቾች በካርቶኑ ላይ የሚጽፉት የአየር መጠን ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ምንም መከልከያ ሳይኖር የተለካ ነው። ፋኑ ከኮንደንሰር፣ ከኢንተርኩለርና ከወፍራም ራዲያተር ኋላ ሲቀመጥ የሚያሳልፈው ከተጻፈው በብዙ ያንሳል። ፋን ሲመረጥ መታየት ያለበት ከመከልከያው ግፊት ጋር የአየሩን መጠን የሚያሳየው ግራፍ ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። አዲስ አበባ ባለችበት 2,300 ሜትር አካባቢ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን 3 ኪሎ ግራም አየር ለማግኘት ፋኑ ከ2.5 ሜትር ኩብ ይልቅ ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ማሳለፍ ይኖርበታል። ውሃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፈሳሹ ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርጉት የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ግላይኮል ናቸው።

በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የአባይ ሸለቆ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከባድ መኪና ሞቃታማ ከሆነው የሸለቆው ግርጌ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሲነሣ አየሩ ሞቃት ነው፤ እየወጣ ሲሄድ አየሩ ቢቀዘቅዝም እየሳሳ ይሄዳል፤ ጉዞውም ሁሉ በከባድ ማርሽና በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና የማቀዝቀዣ አቅም በሜዳ ላይ ብቻ ተሞክሮ ሊወሰን አይችልም።

የመተካት ሥራው ዋና ዋና ክፍሎች

መከለያ፦ ፋኑ በራዲያተሩ ላይ በቀጥታ ከታሰረ አየር የሚስበው ከክንፎቹ ፊት ካለው ክብ ቦታ ብቻ ነው። የራዲያተሩን ገጽ በሙሉ የሚሸፍን መከለያ ሲኖረው ግን ከማዕዘኖቹም ጭምር ይስባል። መከለያው በፍጥነት በሚነዳበት ጊዜ ነፋሱን እንዳያግድ በግፊት የሚከፈቱ የጎማ መዝጊያዎች ይደረጉለታል።

አቀማመጥ፦ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር የሚስብ ፋን ከፊት ሆኖ ከሚገፋ ፋን በአብዛኛው ይሻላል። ከፊት የሚቀመጥ ፋን በራሱ ነፋሱን ይጋርዳል። የሚስብና የሚገፋ ፋን የክንፍ ቅርጽ የተለያየ ስለሆነ የሽቦውን ዋልታ ገልብጦ ማዞር ብቻ ሙሉ ውጤት አይሰጥም።

ሽቦ፦ 60 አምፔር በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ቮልቱ ይወድቃል። ለምሳሌ ሄዶ መመለሻው በጠቅላላው 6 ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ላይ፣ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ 0.6 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ግን 1.6 ቮልት ገደማ ይጠፋል። ቮልቱ ሲቀንስ የፋኑ ፍጥነት፣ ከፍጥነቱም ጋር አየሩ ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ፋን የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌ ቢደረግለት አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይቀጥላል። የፋን ሞተር ሲነሣ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ፊውዙና ሪሌው ይህን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚለቅ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይህን ድንገተኛ ጭነት ይቀንሰዋል።

ዲናሞ፦ ዲናሞ ላይ የተጻፈው አምፔር የሚገኘው በከፍተኛ ዙር ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው በጣም ያንሳል። መብራት፣ አየር ማቀዝቀዣና ፋን በአንድ ላይ ሲሠሩ ዲናሞው ካልበቃ ጉድለቱን ባትሪው ይሸፍናል፤ ባትሪውም እየደከመ ይሄዳል።

የሙቀት መቆጣጠሪያ፦ ፋኑ የሚነሣበት ሙቀት ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት በላይ መሆን አለበት። ቴርሞስታቱ በ88 ዲግሪ መከፈት ጀምሮ በ97 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ከሆነ፣ በሞተሩ ላይ የሚለካውን ሙቀት አይቶ በ85 ዲግሪ የሚነሣ ፋን ያለ ጥቅም ሁልጊዜ ይሠራል፤ ሞተሩን ከ88 በታች ሊያወርደው አይችልምና። በሚነሣበትና በሚጠፋበት ሙቀት መካከልም ጥቂት ዲግሪዎች ልዩነት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፋኑ በየደቂቃው እየበራና እየጠፋ ሪሌውን ያቃጥላል።

የአየር ማቀዝቀዣ፦ ሞተሩ ባይሞቅም ኮንደንሰሩ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የአየር ማቀዝቀዣው ሲበራ ወይም የጋዙ ግፊት ሲጨምር ፋኑን የሚያስነሣ መሥመር ይዘረጋል።

የኮምፒዩተር ግንኙነት፦ የፋኑን ክላች ኮምፒዩተሩ በሚያዝበት መኪና ላይ ክላቹ ሲወጣ ኮምፒዩተሩ የፋኑን ፍጥነት ምልክት ስለሚያጣ የብልሽት መብራት ሊያበራ ይችላል።

ሙከራ፦ ሥራው አለቀ የሚባለው መኪናው መደበኛ ጭነቱን ይዞ፣ አየር ማቀዝቀዣው በርቶ፣ በሞቃት ቀን ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ሳይጨምር ሲቆይ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጠቋሚ በብዙ መኪኖች ላይ ሰፊ የሙቀት ልዩነትን እያለፈ መሐል ላይ እንዲቆም ስለተሠራ፣ በሙከራው ጊዜ ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ መጠቀም ይመረጣል።

አደጋዎች

አየሩ ካልበቃ ውጤቱ ቀላል አይደለም። የሲሊንደሩ ራስ (ቴስታታ) በሙቀት ሊጣመም፣ በመካከሉ ያለው ጓርኒሲዮን ሊቃጠልና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ከዘይት ጋር ሊደባለቅ ይችላል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ይህም መኪናው በዳገቱ መሐል እንዲደክም ያደርገዋል።

ሁለቱ የፋን ዓይነቶች የሚበላሹበት መንገድም ይለያያል። የሜካኒካል ፋን ክላች የሲሊኮን ዘይቱን እያፈሰሰ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ኩሽኔታውም ሲበላ ድምፅ ያሰማል። የኤሌክትሪክ ፋን ግን በአንድ ፊውዝ፣ በአንድ ሪሌ ወይም በተቃጠለ ማገናኛ ምክንያት ያለ ምንም ምልክት ሊቆም ይችላል፤ ሹፌሩም የሚያውቀው ሙቀቱ ሲጨምር ነው። በሌላ በኩል ሁለት ፋን ያለው መኪና አንዱ ቢቆም በግማሽ አቅም ሊሄድ ይችላል።

ጥልቅ ውሃ በሚሻገር መኪና ላይ የኤሌክትሪክ ፋን ብልጫ አለው። የሚሽከረከር ፋን ውሃ ሲነካ ክንፎቹ ወደ ፊት ተጠማዝዘው ራዲያተሩን ሊቀዱት ይችላሉ፤ የኤሌክትሪኩን ግን ከመግባት በፊት ማጥፋት ይቻላል።

የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶ እያለም በድንገት ሊነሣ ይችላል። በኮፈኑ ሥር እጅ ከማስገባት በፊት የባትሪውን ሽቦ መፍታት ያስፈልጋል።

ታሪክ

በቀደሙት መኪኖች ላይ ፋኑ በአብዛኛው በቺንጊያ ወይም ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቋሚነት የታሰረ ነበር። የኤሌክትሪክ ፋን በስፋት የተለመደው ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ የፊት ጎማ የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሲበዙ ነው። ሞተሩ በአግድም ሲቀመጥ ዘንጉ ወደ ራዲያተሩ ስለማያመለክት ፋኑን በቀጥታ ማሰር አይመችም። በከባድ መኪናዎች ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ ፋኑን የሚያስርና የሚፈታ ክላች እየተስፋፋ ሄደ።

የኩሚንስ 5.9 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ሞተር በዶጅ ራም ፒክአፕ ላይ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል መቅረብ ሲጀምር፣ በአሜሪካ ከባድ ተጎታች የሚስቡ የናፍጣ ፒክአፖች ቁጥር አደገ። ሞተሩን ለማሻሻል በሚደረጉ ሥራዎች ውስጥ ፋኑን በኤሌክትሪክ መተካትም አንዱ ሆነ። ፎርድ በ6.0 ሊትር ፓወር ስትሮክ ሞተሩ ላይ ሜካኒካሉን ፋን ሳይተው ክላቹን በኮምፒዩተር እንዲታዘዝ አድርጓል።

ሌሎች አማራጮች

በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የሲሊኮን ክላች የሁለቱን ጥቅም በከፊል ያስታርቃል። በማያስፈልግበት ጊዜ ፋኑን ያላላዋል፤ በዳገት ላይ ግን የሞተሩን ሙሉ ጉልበት ይሰጠዋል። ሞተራቸው ከኋላ በሆነ አውቶቡሶች ላይ በሃይድሮሊክ ዘይት ግፊት የሚዞር ፋን የተለመደ ሲሆን፣ በአሜሪካ የከተማ አውቶቡሶች ላይ ይህን በብዙ ትናንሽ የ24 ቮልት የኤሌክትሪክ ፋኖች የመተካት ሥራ ተሠርቷል። አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ስለሚቆም፣ ትልቅ ዲናሞ ስላለውና ረጅም ዳገት በሙሉ ጭነት እምብዛም ስለማይወጣ ለዚህ ለውጥ ከጎታች መኪና ይልቅ ይስማማል።

ቮልቱ ሲጨምር ችግሩ ይቀልላል። በ48 ቮልት መሥመር አንድ ዓይነት ኃይል ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው አምፔር በ12 ቮልት ከሚያስፈልገው ሩብ ነው። ሙሉ በሙሉ በባትሪ በሚሠሩ ጭነት መኪናዎች ላይ ደግሞ ፋኑን የሚያሽከረክር የናፍጣ ሞተር ስለሌለ የኤሌክትሪክ ፋን ብቸኛው ምርጫ ይሆናል። በ12 ቮልት ለሚሠራ የናፍጣ መኪና ግን ባዶውን ወይም በቀላል ጭነት በሜዳና በከተማ የሚሄድ ከሆነ በደንብ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ፋን ሊበቃው ይችላል፤ በሞቃት አገር ተጎታች ይዞ ዳገት የሚወጣ ከሆነ ሜካኒካሉ ፋንና ጤነኛ ክላች አስተማማኙ ምርጫ ሆነው ይቆያሉ።